ጎመኑ ራሱን እንዲጠብቅ፦ በአዲስ አበባ መሃል ለጓሮና ለበረንዳ አትክልት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

በጎመን ቅጠል ላይ ቀዳዳ ሲታይ በፒያሳም በካዛንችስም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ምን ልርጭበት?" መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ምንም" ነው። እርስዎ ቀዳዳውን ከማየትዎ በፊት ጎመኑ ውጊያውን ጀምሯል። ሰም ለብሷል፣ ሰናፍጭ ቋጥሯል፣ የተነከሰው ቅጠል ላልተነከሰው ምልክት ልኳል። ይህ መመሪያ ያንን ውጊያ እንዴት እንደሚያግዙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዴት እንደማያደናቅፉ ያሳያል። የተጻፈው ሰፊ እርሻ ላለው ሰው አይደለም፤ በአራት ኪሎ ግቢ ጥግ ሁለት መደብ ላለው፣ ወይም በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካንና በማዳበሪያ ከረጢት ቃሪያ ለሚያበቅል ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የምንበላቸው አትክልቶች አብዛኞቹ ትጥቃቸውን በከፊል የፈቱ ናቸው። ያስፈቷቸው መራራውን እየተዉ ለስላሳውን እየመረጡ ዘር ያቆዩ ገበሬዎች ናቸው፤ ባያደርጉት ኖሮ ብዙዎቹን አንበላቸውም ነበር። ነገር ግን ያለሰለስነውን ተክል የመጠበቅ ዕዳ በእኛ ላይ ወድቋል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው።

1. ትጥቁን በጣትና በአፍንጫ ይወቁ

ይህን ደረጃ መዝለል ያምራል። አይዝለሉት፤ የተክሉን መከላከያ ያላወቀ ሰው ሳያስበው ያፈርሰዋል።

በጎመን ቅጠል ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉ። ውሃው አይሰራጭም፤ ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል። ይህን የሚያደርገው የሰም ሽፋን ነው። ሰሙ ቅጠሉን ከድርቀት ይጠብቃል፤ ሻጋታ ለመብቀል የሚፈልገውን እርጥበትም ያሳጣል፤ ለትንንሽ ነፍሳት ደግሞ እግር መትከያ ይነሳል። ቅጠሉን በጣትዎ ቢያሹት ሰሙ ይለቃል፣ ቦታውም ያብረቀርቃል። ይህን ያስታውሱ፤ ስለ ሳሙና ስንነጋገር ያስፈልገናል።

ቀጥለው የቲማቲም አገዳ ይንኩ። ጣትዎ አረንጓዴ ቀለምና ኃይለኛ ሽታ ይይዛል። በአገዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ገሚሶቹ ጫፋቸው ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ቋጥረዋል፤ ትንሽ ነፍሳት ስትነካቸው ይፈነዱና እግሯን ይይዟታል።

ነጭ ሽንኩርት ሳይላጥና ሳይደቆስ እምብዛም አይሸትም። ሲደቆስ ግን በሕዋሱ ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡት አሊይን የተባለው ውሁድና አሊናዝ የተባለው ኢንዛይም ይገናኙና አሊሲን የሚባለውን ኃይለኛ ነገር ይፈጥራሉ። ክብሪቱና ቀፎው ለየኪሱ እንደሚቀመጥ ነው፤ ተክሉ ራሱን ሳያቃጥል ይኖራል፣ የሚበላው ሲመጣ ግን ራሱ በላተኛው ይለኩሰዋል። ጎመን፣ ሰናፍጭና ፌጦም የሚሠሩት በዚሁ ስልት ነው፤ የእነሱ ውሁዶች ግሉኮሲኖሌት፣ ኢንዛይሙ ሚሮሲናዝ ይባላሉ። ሰናፍጭ ሲበላ አፍንጫ ድረስ የሚወጣው ለትል የተዘጋጀው መሣሪያ ነው። የአበሻ ጎመን ሲኒግሪን በተባለው የዚህ ወገን ውሁድ የታወቀ ነው። ለዚህም ነው ለጀማሪ ከጥቅል ጎመን ይልቅ እሱን የምመክረው።

ቃሪያና ሚጥማጣን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ደግሞ መራጭ ነው። አጥቢ እንስሳ ያቃጥለዋል፤ ወፍ ግን ቃጠሎው አይሰማትም። የእኛ ጥርስ ዘሩን ይፈጫል፣ ወፍ ግን ሳትፈጨው ወስዳ ትዘራዋለች። ቡናም ካፌይን የያዘው እኛን ለማንቃት ብሎ አይደለም።

አሁን ጥንቃቄ። በምላስዎ የሚቀምሱት በጥሬው የሚበላውን ብቻ ይሁን። ጥሬ ጎደሬ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ስላሉት አፍና ጉሮሮ ያቆስላል። ብርሃን ነክቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዝ ያከማቻል፤ አረንጓዴውን ቆርጠው ይጣሉ፣ ከመረረ ደግሞ ሙሉውን ይተዉት። ግብጦ ለቀናት ውሃ እየተቀያየረለት የሚዘፈዘፈው አልካሎይዱ እንዲወጣለት ነው። ጓያ በድርቅ ዘመን ዋና ምግብ ሲሆን እግር የሚያሽመደምደው በውስጡ ባለው የነርቭ መርዝ የተነሳ ነው። ጤና አዳምን ሲቆርጡም ጭማቂው በቆዳዎ ላይ እንዳይቀር ይታጠቡ፤ ቆዳው ፀሐይ ሲያገኘው ይቆስላል። በሕፃናት ላይ እያሹ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ አይደለም።

የተክልን መሣሪያ ለሰው ጥቅም በማዋል ረገድ ከእንዶድ የሚበልጥ የአገር ምሳሌ የለንም። ፍሬው በሳፖኒን የበለጸገ ስለሆነ አረፋ ያወጣል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመቆጣጠር ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው።

2. ዘሩንና ወቅቱን ይምረጡ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ቅዝቃዜ፣ ጉምና የማያባራ እርጥበት አለ። ይህ ለድንችና ለቲማቲም ቅጠል አቃጣይ በሽታ የተመቸ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው፣ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የተባለው ተህዋስ፣ ይኸው ነው። እርጥብ ቅጠልና ቀዝቃዛ ሌሊት ካገኘ አንድን መደብ በጥቂት ቀናት ያጠቁረዋል። ስለዚህ በክረምት ቲማቲምን ሜዳ ላይ አይትከሉ። ችግኙን ዝናቡ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ ያውጡና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እንዳይጎዳው ቀን ሙቀት ከሚይዝ ግድግዳ ሥር ያኑሩት። ለክረምቱ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ይበቃሉ።

ድንች ከፈለጉ የዘሩን ስም ይጠይቁ። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተመረጡት አንድም ይህን በሽታ በመቋቋማቸው ነው። ነገር ግን ተቋቋሚነት የዘላለም ዋስትና አይደለም። ብዙውን ጊዜ ተክሉ በሽታ አምጪውን የሚለየው በአንድ የተወሰነ ምልክቱ ነው፤ ተህዋሱ ያንን ምልክት ሲቀይር ተክሉ ጠላቱን አያውቀውም። ይህ በስንዴ ላይ ደርሷል። ዲጋሉ የተባለው ዝርያ ዋግ ከሚባሉት የስንዴ በሽታዎች ቢጫ ዋግንም፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከኡጋንዳ የተዛመተውን የግንድ ዋግም ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው ተዘርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ በባሌ ተነስቶ ማሳውን አጠፋው። ለጓሮ የሚሆነው ትምህርት ቀላል ነው፤ ያለዎትን ቦታ በአንድ ዘር ብቻ አይሙሉት።

3. አፈሩን አያባልጉት

መከላከያ ወጪ አለው። ሰሙም፣ ፀጉሩም፣ መርዙም የሚሠሩት ቅጠሉ ከፀሐይ ባገኘው ስኳር ነው። ፍሬ ለሚሰጥ ተክል በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋል። በመሃል ከተማ ይህ ቀላል አይደለም፤ አዲስ ፎቅ በጎንዎ ከተነሳ የአምናው መደብ የዘንድሮ ጥላ ሊሆን ይችላል። በአንድ የፀሐይ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥተው ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። ጥላ የበዛበት ቦታ ለቆስጣና ለሰላጣ ይሁን፤ ቲማቲምና ቃሪያን እዚያ ማቆም ማሰቃየት ነው።

በአፈር በኩል ከሁሉ የሚከፋው ልግስና ነው። ዩሪያ ወይም ትኩስ የዶሮ ኩስ የበዛበት ጎመን በፍጥነት ይወፍራል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ጎረቤት ያደንቀዋል። የተክል ፈሳሽ የሚመጠው ጥቃቅን ነፍሳት፣ ክሽክሽም ያደንቀዋል። ናይትሮጅን ሲትረፈረፍ የሕዋሱ ግድግዳ ስስ ይሆናል፣ የተክሉ ፈሳሽ ደግሞ ክሽክሽ በሚፈልገው አሚኖ አሲድ ይሞላል። ለከረጢት ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ይቀላቅሉና በዚያ ይቁሙ። አመድ ፖታሲየም ይሰጣል፤ ነገር ግን አፈሩን ስለሚለውጠው በአንድ ከረጢት ከአንድ እፍኝ አይለፉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፈር ለመሸፈን አይጠቀሙ፤ ዛፉ ጎረቤቶቹን የሚያቀጭጭበት ኬሚካል በቅጠሉ ውስጥ አለ።

4. ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን ያጠጡ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት በመጣው ውሃ ሌሊቱን ማጠጣት የተለመደ ነው። ውሃውን ያጠራቅሙ እንጂ በምሽት ቅጠል ላይ አያርከፍክፉ። ቅጠል እስኪነጋ እርጥብ ሆኖ ካደረ ሻጋታ ሰሙን አልፎ ለመግባት የሚያስፈልገው ጊዜ ሁሉ ተሰጠው ማለት ነው። በማለዳ፣ በሥሩ ዙሪያ፣ ጣት ሲያስገቡ እርጥበት እስኪሰማ ድረስ ያጠጡ።

በቲማቲሞች መካከል ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፣ በእንጨት ይደግፏቸው፣ መሬት የሚነኩትን የታችኛዎቹን ቅጠሎች ይቁረጡ። ዝናብ የሚረጨው አፈር በሽታ ይዞ የሚወጣው በእነሱ በኩል ነው። በረንዳ ላይ ከሆነ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ከላይ ይዘርጉ፣ ጎኑን ግን ለንፋስ ይክፈቱት።

5. በየሳምንቱ ቅጠሉን ገልብጠው ያንብቡ

አብዛኛው ነገር የሚሆነው ከቅጠሉ ሥር ነው። አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚያጣብቅ ነገር ካለበት ክሽክሽ ነው። ጠርዙ ተበልቶ የሚያብረቀርቅ ዝልግልግ መስመር ካለ ቀንድ አውጣ ሌሊት መጥቷል። በጎመን ላይ ትናንሽ "መስኮቶች"፣ ማለትም አንዱ ሽፋን ተበልቶ ሌላው ስስ ሆኖ የቀረባቸው ነጥቦች ካሉ፣ አረንጓዴዋ የጎመን ትል ናት። ችግኝ ጠዋት ከአንገቱ ተቆርጦ ከወደቀ በዙሪያው አፈሩን በጣትዎ ይጫሩ፤ ቆራጭ ትሉ ተጠቅልሎ እዚያው ይገኛል። በቲማቲም ቅጠል ውስጥ ሰፋ ያለ ነጣ ያለ ጉድጓድ ካዩ ቱታ አብሶሉታ ሊሆን ይችላል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የታወቀ ተባይ ነው፤ እሱን አይታገሡት፣ ቅጠሉን ወዲያው ቆርጠው በታሰረ ላስቲክ ያስወግዱት።

ለሌላው ግን ትዕግሥት መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ግሪንና ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥንዚዛ የበላቸው የድንችና የቲማቲም ተክሎች፣ ባልተነካው ቅጠላቸው ጭምር፣ የነፍሳትን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን እንደሚያከማቹ አሳዩ። ትሉ ይበላል፣ ነገር ግን የበላው አይፈጭለትም። ትእዛዙን በተክሉ ውስጥ ከሚያደርሱት ዋናው ጃስሞኒክ አሲድ ነው፤ ሥራው በሰዓታት ውስጥ ተጀምሮ በአንድ ሁለት ቀን ይበረታል። ስለዚህ ያደገ ጎመን ከቅጠሉ ሩብ ያህል እስኪጎድል ድረስ እኔ አልነካውም። ችግኝ ከሆነ ግን የሚከፍለው ሀብት ስለሌለው ወዲያው ይድረሱለት።

የጎመን ትሏ ለየት ያለች መሆኗን ማወቅ ይጠቅማል። የሰናፍጩን ውሁድ ሳይፈነዳ የሚያመክን ኢንዛይም አላት፤ እናቲቱ ደግሞ በዚያው ሽታ ተመርታ ጎመኑን ታገኘዋለች። በፀረ ተባይ በኩልም ቀላል አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሟ ተመዝግቧል። የመርጫ ጣሳ ይዞ ከእሷ ጋር መወዳደር አያዋጣም።

6. ካስፈለገ በቅደም ተከተል ጣልቃ ይግቡ

መጀመሪያ እጅ። ትሉንና እንቁላሉን ይልቀሙ፤ ቀንድ አውጣን በመሸ ጊዜ በባትሪ ይፈልጉ። ለቆራጭ ትል የላስቲክ ኩባያ ታችና ላዩን ቆርጠው በችግኙ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ወደ አፈር ይትከሉ። ቀጥሎ ውሃ፤ ክሽክሽ በጠንካራ የውሃ ግፊት ከወደቀ አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም፤ በማለዳ ያድርጉት።

ሳሙና ሦስተኛ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። የዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ፣ ቅጠል ያቃጥላል። ሳሙና የሚገድለው በቀጥታ የነካውን ለስላሳ ነፍሳት ብቻ ስለሆነ ከቅጠሉ ሥር ይርጩት። መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ፀሐይ ከበረደ በኋላ ይርጩ፣ በማግሥቱ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በጎመን ላይ ደጋግመው ከረጩት ያ በጣትዎ ያሹት ሰም ይታጠባል፤ ክሽክሹን አስወግደው ለሻጋታ በር ከፈቱ ማለት ነው።

ነጭ ሽንኩርትና ሚጥማጣ አፍልቶ መርጨት ብዙ ሰው ይወዳል። ሽታው ለጥቂት ሰዓት ያባርር ይሆናል፤ ከዚያ ብዙ አይጠብቁ፣ ዓይንዎንም ይጠብቁ። የትምባሆ ውሃ ግን በፍጹም አይሥሩ። ኒኮቲን በቆዳ በኩል ይገባል፣ ቅጠል ለሚበላ ቤተሰብም አደገኛ ነው። ማላታይን የተባለው ፀረ ተባይና ለቤት ውስጥ ዝንብ የሚረጨውም በሚበላ ቅጠል ላይ ቦታ የላቸውም።

7. በሽታን ከጠባሳ ይለዩ

በቅጠል ላይ ትንሽ ደረቅ ቡናማ ነጥብ ሲታይ ተክሉ ታመመ ማለት ላይሆን ይችላል። ተክል ሻጋታ ወይም ባክቴሪያ ሲገባበት በዙሪያው ያሉትን የራሱን ሕዋሳት ይገድላል፤ ወራሪው በሞተ ሥፍራ ታጥሮ ይቀራል። ነጥቡን በስልክዎ ፎቶ ያንሱትና ከሦስት ቀን በኋላ ያወዳድሩ። ካልሰፋ ተክሉ አሸንፏል፣ ይተዉት። ከሰፋ፣ ጠርዙ ውሃ የቋጠረ ከመሰለ፣ ወይም በማለዳ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ጭጋግ መሰል ነገር ከታየ፣ ቅጠሉን በዚያው ቀን ያስወግዱ። በቲማቲም ግንድ ላይ ጥቁር እድፍ ከወጣ ሙሉ ተክሉን ይንቀሉ። በኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት።

ተክል ከበሽታም ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሮስ የተባለ ተመራማሪ አንድ ቅጠሉ በቫይረስ የተነካ ትምባሆ በሌሎቹ ቅጠሎቹም ዳግመኛ ጥቃትን ይበልጥ እንደሚቋቋም አሳየ። በኋላ በዚህ ውስጥ ትልቅ ሚና ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ፣ የአስፕሪን ዘመድ፣ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሰምተው አስፕሪን የሚረጩ አሉ፤ መጠኑ ከበዛ ቅጠል ያቃጥላል፣ ለጓሮ አይመከርም።

ዝንጉርጉርና የተጨማደደ ቅጠል ያለውን ቃሪያ ወይም ቲማቲም ግን አያስታምሙት፤ ቫይረስ መድኃኒት የለውም። የሚያጨስ ሰው ተክሉን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የትምባሆ ቫይረስ በሲጋራ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ቢላና መቀስ በሽታ ያመላልሳሉ። የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ በዋናነት ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ በቢላ ነው፤ ስለዚህ የእንሰት ገበሬ ቢላውን በእሳት እንዲያሳልፍ ይመከራል። እርስዎም በእሳት ያሳልፉት፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ይንከሩት።

ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ በሽታም ይጋራሉ። አንዱ በታመመበት ከረጢት ሌላውን አያስከትሉ፤ ጎመን ወይም ባቄላ ይተኩበት። የተጠረጠረ አፈር ካለዎት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ፀሐይ አርጥበው፣ በስሱ ዘርግተው፣ በሚያሳይ ላስቲክ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይሸፍኑት።

8. አጋር ለሚጠራ ተክል አጋሩን ያኑሩለት

በቆሎ በትል ሲበላ ከትሉ ምራቅ የተነሳ ልዩ ሽታ ያወጣል፤ ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች ሽታውን ተከትለው መጥተው በትሉ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጎመንም እንዲሁ ይጣራል። በጠረን ላይ የተመሠረተ ዘዴ በምሥራቅ አፍሪካ ማሳዎችም ይሠራል፤ በበቆሎ መካከል የሚዘራው ዴስሞዲየም የተባለ ተክል አገዳ ቆርቁር የተባለውን ትል በጠረኑ ያባርራል፣ ዳር ላይ ያለው የዝሆኔ ሣር ይስበዋል።

በበረንዳ ላይ ይህን ለማገዝ ሁለት ነገር በቂ ነው። አንደኛ፣ ድንብላልና እንስላል ጥቂቱ እንዲያብብ ይተዉ፤ ተርቦቹ አፋቸው አጭር ስለሆነ እንዲህ ያለ ገላጣ አበባ ይወዳሉ። ሁለተኛ፣ ጉንዳኖቹን ይመልከቱ። ክሽክሽ ከሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ የሚኖሩ ጉንዳኖች ክሽክሽ የሚበሉትን ቀይ ጥንዚዛዎች ከመንጋቸው ያባርራሉ። መንገዳቸውን ካገኙ በማሰሮው እግር ዙሪያ ውሃ ያለበት ሳሕን ያስቀምጡ። አብጦ ወርቃማ የሆነና የማይንቀሳቀስ ክሽክሽ ካዩ አይንኩት፤ በውስጡ ተርብ እያደገ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ከጎመኖችዎ ውስጥ በትል ብዙም ያልተበላውን፣ ነገር ግን ሲቀቀል የወደዱትን አንዱን ሳይቆርጡ ያሳድጉት። ያብብ፣ ዘሩ ይድረቅ። ቅጠሉ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየጠበበ በሚሄድ ቅርጽ ቢጫ የሆነ፣ የቅጠሉ ጅማትም የጠቆረ ከሆነ ግን ዘር አይያዙበት፤ ያ የጥቁር ብስባሽ ባክቴሪያ በዘር ውስጥ ተሻግሮ ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል። ጤነኛውን ዘር ጥላ ውስጥ አድርቀው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ ወሩንና የተክሉን ጠባይ ጽፈውበት ያስቀምጡት።